የፖኒራ ሳምንት አምስት ቀን ነው

ፖኒራ የመጋዘኑን ቁልፍ ከወገቧ ፈትታ አታውቅም። ቁልፎቹ አምስት ናቸው፤ ስንዝር በምታህል የቀረፋ እንጨት ላይ ታስረው በተራመደች ቁጥር ኳ ኳ ይላሉ። በመልቀሚያው አዳራሽ ዝንጅብል የሚያጥቡት ሴቶች ያን ድምፅ ሲሰሙ «ቡ ፖን መጡ!»፣ እትዬ ፖን መጡ ማለት ነው፣ ይባባሉና የጀመሩትን ሐሜት ለሌላ ጊዜ ያቆዩታል። ሐሜቱ ስለ እሷ ባይሆንም እንኳ ያቆዩታል። እንዲህ ነበር የምትከበረው።

ወደዚህ ግቢ ስትገባ ገና የሃያ ሁለት ዓመት ሴት ነበረች። ያኔ ፋብሪካ የሚባል ነገር የለም። የዛሬዋ ባለቤት የኒንግሩም አባት ሁለት ትልልቅ ጎላ ጥዶ፣ የዝንጅብል ጭማቂ ከዘንባባ ስኳር ጋር እያፈላ፣ ሲደርቅ እየወቀጠ፣ ዱቄቱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ለካራንግሬጆ ገበያተኛ ይሸጥ ነበር። ፖኒራ አራት ዓመት ሙሉ ዝንጅብል ለቀመች፣ አጠበች፣ ላጠች። ጥፍሯ ሥር እየገባ የሚለበልባትን የዝንጅብል ውሃ ዛሬም ስታስበው ጣቶቿን ታሻሻለች። ከዚያ አንድ ቀን ሽማግሌው ጠራትና የመጋዘኑን ቁልፍ ሰጣት። «አንቺ ሳትጽፊ የምታስታውሺውን እኔ ጽፌም አላስታውሰው» አላት። ይህ ከሆነ ሃያ ስድስት ዓመት አለፈ።

ሽማግሌው ሲያርፍ ሥራውን ልጁ ኒንግሩም ተረከበች። ኒንግሩም ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። ዱቄቱን ከጋዜጣ አውጥታ በሚያምር ካርቶን አሸገችው፤ ዝንጅብል ብቻ የነበረውን እርድ፣ ጠጅ ሳርና ቅርንፉድ እየጨመረች ስድስት ዓይነት አደረገችው፤ ከሦስት ገበያ አንስታ ስድስት ከተማ አደረሰችው። ማደግ ደስ ይላል፣ ግን ማደግ ራስ ምታትም ነው። ሽያጭ ክፍሉ ከተማ ተቀምጦ የሌለ ዕቃ ቃል ይገባል። ግዢ ክፍሉ ለሦስት ዓመት የሚበቃ ቀረፋ ገዝቶ ስኳሩን ይረሳል። ማፍያ ክፍሉ ጎላውን ጥዶ ይጠብቃል። እርስ በርሳቸው አይነጋገሩም፤ ሁሉም የሚያነጋግሩት ፖኒራን ነው። ምን ያህል አለ፣ የት ተቀመጠ፣ መቼ ይመጣል፣ ማን ያመጣዋል፣ ሁሉም እሷ ጭንቅላት ውስጥ ነው።

ታዲያ አንድ ዝናባማ ወር ፖኒራ የወባ ትንኝ ዘመድ የሚያመጣው ትኩሳት ያዛትና አሥር ቀን ተኛች። ፋብሪካውም አብሯት አሥር ቀን ተኛ። ኒንግሩም መጋዘኑ መሀል ቆማ፣ ከፊቷ የተደረደረው ጆንያ ውስጥ ምን እንዳለ ሳታውቅ፣ ላቧ ጠብ እስኪል ተጨነቀች። ያን ጊዜ ነው ግዢውንም፣ መጋዘኑንም፣ ማፍያውንም፣ ሽያጩንም አንድ ላይ አገናኝቶ የሚያሳይ ሲስተም ይሠራልኝ ብላ የቆረጠችው።

ሠሪው ሞናንግ የሚባል ጎልማሳ ነው። ኑሮው ሱራባያ ከተማ ቢሆንም ትውልዱ ከባሕር ማዶ ሜዳን፣ ዘሩም ጮክ ብሎ በመናገር የሚታወቀው የባታክ ሕዝብ ነው። ሹክ ሲል እንኳ ዘበኛው ይሰማዋል፤ ሲስቅ ጎላው ይነቃነቃል። እዚህ እኛ አገር ድምፅ ዝቅ፣ አንገት ደፋ፣ ፈገግ ማለት ነው ጨዋነት። ሴቶቹ በመጀመሪያው ቀን ሲናገር ሰምተው «ከማን ጋር ነው የተጣላው?» ብለው ተጠያየቁ። ለካስ ሰላም እያለ ኖሯል።

ሞናንግ ሥራውን ሊጀምር ሰሞን ኒንግሩም ፖኒራን ቢሮዋ ጠራቻት።

«ቡ ፖን፣ እንደ እናቴ ነው የማይዎት» አለቻት።

ፖኒራ በልቧ «መጥፎ ወሬ ሊመጣ ነው» አለች። በአፏ ግን «አውቃለሁ፣ ምባክ ኒንግ» ነው ያለችው፤ ምባክ እህቴ እንደማለት ነው።

«ሲስተሙ ሥራ ከጀመረ በኋላ ሦስት ወር እናያለን። ከተግባባችሁ መጋዘኑ የእርስዎ ነው። ካልተግባባችሁ ግን ዲፕሎማ ያለው ሰው መቅጠሬ ነው፤ እርስዎ መልቀሚያው አዳራሽ ገብተው ሴቶቹን ይቆጣጠራሉ። ደመወዝዎ አይነካም።»

ደመወዝ! ፖኒራን ያቃጠላት ደመወዝ መሰላት እንዴ? ከዚያ አዳራሽ ወጥታ እዚህ ለመድረስ ዕድሜዋን ሰጥታለች። አሁን በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ ወገቧ ባዶ፣ ኳ ኳ የሚል ነገር ሳይኖር፣ በዚያው በር ተመልሳ ልትገባ ነው። ግን ፈገግ ብላ «እሺ» ብላ ወጣች። ያን ቀን ከሰዓት ቅርንፉዱን ሁለት ጊዜ ሚዛን ላይ አወጣችው፤ ስትናደድ የምታደርገው እሱን ነው።

ሞናንግ ሁለት ቀን ሰሌዳ ላይ ሲሥል ሰነበተና አሥራ አንዱን የክፍል ኃላፊዎች ሰበሰበ። ኒንግሩም ከፊት ተቀምጣለች።

«ይኸውላችሁ» አለ፣ መስኮቱ እየተንቀጠቀጠ። «ሰኞ ሲስተሙ ዝንጅብል ያዛል። ሐሙስ ዝንጅብሉ ይገባል። ዓርብ ይፈላል። በየሳምንቱ እንዲሁ። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ግዢ ክፍል።

«ልክ ነው» አለ ማፍያ ክፍል።

«ልክ ነው» አለች ፖኒራም።

ልክ አልነበረም! ልክ እንዳልሆነ ክፍሉ ውስጥ የማያውቅ ሞናንግ ብቻ ነው፤ ምናልባት ከተማ ያደገችው ኒንግሩምም ልብ አላለችው ይሆናል። ዝንጅብሉ የሚመጣው ከካራንግሬጆ ገበያ ነው። የካራንግሬጆ ገበያ ደግሞ ሰኞ ሐሙስ የሚባለውን አያውቅም። ለጊ፣ ፓሂንግ፣ ፖን፣ ዋጌ፣ ክሊዎን፣ ከዚያ እንደገና ለጊ፤ የእሱ ሳምንት አምስት ቀን ነው። ገበያው የሚቆመው በፖን ነው። ፖን አንዳንዴ ሰኞ ላይ ይውላል፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ላይ፣ ከዚያ ሐሙስ ላይ። ገበሬው በዋዜማው ዝንጅብሉን ነቅሎ፣ በፖን ከተራራው ይወርዳል። ከፖን ውጪ ንቀል ብትለው ያምሃል እንዴ ብሎ ነው የሚያይህ። ጳጉሜን ለውጭ አገር ሰው ለማስረዳት የሞከረ ነገሩ ይገባዋል፤ ለሚያውቀው ሰው ግን ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ታዲያ ለምን አልተናገሩም? እንግዳ ሰው፣ ያውም ሁለት ቀን የለፋበትን ሥዕል፣ በባለቤቷ ፊት «ተሳስተሃል» ይባላል? ጨዋ ሰው እንዲህ አያደርግም። ጨዋ ሰው «ልክ ነው» ይልና ኋላ ሻይ እየጠጣ፣ ለብቻው፣ ከተቻለም በሌላ ሰው በኩል ነገሩን ያደርሳል። ሁሉም ያሰቡት ይህንኑ ነበር። ሞናንግ ግን አሥራ አንድ «ልክ ነው» ሰብስቦ፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ፣ በዚያው ቀን በባቡር ሱራባያ ገባ። ግዢ ክፍል ፖኒራ የነገረችው መሰለው፤ ፖኒራ ግዢ ክፍል የነገረው መሰላት። በዚህ ዓይነት ስምንት ወር አለፈና ሲስተሙ ተሠርቶ መጣ።

ፖኒራ ከሲስተሙ ጋር እታገላለሁ ብላ ነበር፤ አልታገላትም። ስምንተኛ ክፍል ድረስ ነው የተማረችው፣ ግን ለአንድ ወር ቀደም ብላ እየገባች በሁለት ጣት ኪቦርድ መምታት ተለማመደች። ዝንጅብል፣ እርድ፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ እንደገና ዝንጅብል። ሲስተሙ ሥራ በጀመረበት ቀን የሚስጥር ቁጥሯን መትታ ስትገባ ሽያጭ ክፍሉ ገና ኮምፒዩተሩን የት እንደሚያበራ ይፈልግ ነበር። ደስ አላት። ይህችን ሦስት ወር እንደ ውሃ እጠጣታለሁ ብላ አሰበች።

ከዚያ ሐሙስ መጣ። ስክሪኑ «ዝንጅብል፣ ሦስት ቶን፣ ዛሬ፣ አቅራቢ ክሮሞ» ይላል። ምባህ ክሮሞ ከተራራው ገበሬዎች ሁሉ ሰብስቦ የሚያመጣላቸው ሽማግሌ ነው፤ ምባህ አያቴ እንደማለት ነው፤ ከኒንግሩም አባት ዘመን ጀምሮ አንድም ፖን ቀርቶ አያውቅም። በዚያ ሳምንት ፖን የሚውለው እሑድ ነው። ሐሙስ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የምባህ ክሮሞ ስም ቀይ ሆነ፤ ከጎኑ «ዘግይቷል» የሚል ተጻፈ። በሚቀጥለውም ሐሙስ ስሙ ሊቀላ ሲል ፖኒራ ከሥር የተጻፈውን አነበበች፤ ሦስት ጊዜ የዘገየ አቅራቢ ይሰረዛል ይላል።

ምባህ ክሮሞ ሊሰረዝ? ስክሪኑን አየችው፣ በሩን አየችው። ከዚያ በሁለት ጣቷ «ገብቷል» ብላ መታች። ነገ ይገባል እኮ፣ ነገ ፖን ነው፤ አንድ ቀን ብትቀድም ማን ይጎዳል? ደግሞም እንግዳ ሲስተም ነው፣ ገና ከመምጣቱ በሰው ፊት ምን ያሳፍሩታል።

እንዲህ እንዲህ እያለች ቀጠለች። ገበያው ከሐሙስ በኋላ ሲውል ሐሙስ ቀን «ገብቷል» ትላለች፤ ገበያው ሲቀድም ሲስተሙ አላዘዘምና ምባህ ክሮሞን «ይህን ለሌላ ይሽጡት» ትለዋለች። ሁለት ገበያ ዝንጅብል ዓይኗ እያየ ለሌላ ነጋዴ ሄደ። ስክሪኑ አረንጓዴ ብቻ ሆነ። ኒንግሩም ቢሮዋ ውስጥ አረንጓዴውን እያየች «ቡ ፖን ጎበዝ!» ትላለች። ፖኒራ ሙገሳውን ስትሰማ እንደ ሌባ ዞር ትላለች። ሃያ ስድስት ዓመት መጋዘኑ ውስጥ አንድም የሌለ ዕቃ አለ ብላ አታውቅም ነበር።

ስድስተኛው ሐሙስ ነው ጉዱ የፈላው። ሞናንግ ሲስተሙ እንዴት እንደሆነ ሊያይ መጥቷል፤ አሥራ አንዱም ኃላፊዎች ተሰብስበዋል። ኒንግሩም ፊቷ እያበራ ገባች።

«ከጃካርታ ትልቅ ትእዛዝ መጣ! አርባ ሁለት ሺህ ካርቶን ዝንጅብል፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ። ሲስተሙን ጠየቅኩት። ከአንድ ጭነት ዝንጅብል ስድስት ሺህ ካርቶን ይወጣል፤ አምስት ሐሙስ አለን፤ ሠላሳ ሺህ እንችላለን ይላል። ቀሪውን አስራ ሁለት ሺህ ለሌላ ፋብሪካ ይስጡት፣ ምን ይደረግ። የዛሬው ሦስት ቶን ገብቷል ስለሚል ነገ ማፍላት እንጀምራለን። አሁን ልፈርም ነው። ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለ ግዢ ክፍል።

«ልክ ነው» አለ ማፍያ ክፍል።

ፖኒራ ግን መጋዘኑን ታውቃለች። ባለፈው ሐሙስ በፖን የገባው ዝንጅብል ታጥቦ፣ ፈልቶ አልቋል፤ የማክሰኞውን ፖን ደግሞ ሲስተሙ አላዘዘምና ለሌላ ተሽጧል። የዛሬው ሦስት ቶን ያለው ስክሪኑ ላይ ብቻ ነው፤ ራሱ ዝንጅብሉ ገና ተራራው ላይ አፈር ውስጥ ነው። የሚነቀለው ቅዳሜ፣ የሚወርደው እሑድ። ዝም ካለች ኒንግሩም ባዶ መጋዘን ላይ ትፈርማለች። ከተናገረች የዋሸችው እሷ ነች፤ መጋዘኑም በቃ፣ መልቀሚያው አዳራሽ ነው። እጇ ሳይታወቃት ወገቧ ላይ ያለውን የቀረፋ እንጨት ጨበጠ።

«አይደለም» አለች።

ቃሉ ትንሽ ነበር፤ ግን አሥሩም ዞሩ። ማፍያ ክፍል ሻዩን በአየር ላይ እንደያዘ ቀረ። እዚያ ክፍል ውስጥ፣ በስብሰባ፣ በባለቤቷ ፊት ያ ቃል ተሰምቶ አያውቅም።

«ምኑ ነው ያልሆነው፣ ቡ ፖን?» አለች ኒንግሩም።

ፖኒራ ቁልፉን ከወገቧ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች። ስለ ገበያው፣ ስለ ፖን፣ ስለ ምባህ ክሮሞ ቀይ ስም፣ ሳይገባ «ገብቷል» ስላለችው ሁሉ። ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ግን አልቆመችም።

ኒንግሩም ፊቷ በርበሬ መሰለ። «አምስት ሳምንት ሙሉ ዋሹኝ?»

«እርስዎን አልዋሸሁም። ሲስተሙን ነው።»

«ለምን?»

«እንግዳ ነው። እንዳይፍር ብዬ ነው።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና ወደ ሳል ቀየረው። ሞናንግ ግን ብድግ አለ። ሁሉም ሊጮህ ነው ብለው አንገታቸውን ቀበሩ። እውነትም ጮኸ።

«ስምንት ወር! ስምንት ወር ሙሉ አንድ ሰው 'አይደለም' እንዲለኝ ስጠብቅ ነበር! እናቴ በቀን አርባ ጊዜ ነው የምትለኝ፤ እዚህ ግን አንድ እንኳ ይጥፋ? ቡ ፖን፣ እስቲ ይንገሩኝ፤ ይህ የአምስት ቀን ነገር መቼ ላይ እንደሚውል በምን ያውቁታል?»

«በጣቴ ነዋ።»

«በጣትዎ! ኦገስት ሃያ ቀን 1988 ነው የተወለድኩት። ምን ቀን ነበር?»

ፖኒራ ዓይኗን ወደ ጣራው አድርጋ በአውራ ጣቷ የጣቶቿን አንጓ እየነካች ወረደች፣ ወጣች። «ቅዳሜ ነው። ቅዳሜ ክሊዎን» አለች።

ሞናንግ ኮምፒዩተሩን ሲያገላብጥ ቆየና አፉ ተከፈተ። ቅዳሜ ነበር። ክሊዎንም ነበር።

«ሰው አይደሉም እንዴ እርስዎ!» አለ። «ቆይ፣ ፖን ነው ያሉኝ የገበያው ቀን? ፖኒራስ?»

«በፖን ስለተወለድኩ ነው። ዘበኛው ዋጊማን በዋጌ ነው የተወለደው። ይህን የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ፣ ማስ ሞናንግ» አለችው። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተና ማስ፣ ወንድሜ፣ ማለቷ ነው። እሱም ግንባሩን በመዳፉ መታ፤ የገበያው ቀን ስምንት ወር ሙሉ በሁለት እግሩ ፊቱ ሲመላለስ ኖሯል።

ኒንግሩም ግን አልሳቀችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ነገ ማፍላት አንችልም። ትእዛዙም ውሃ በላው።»

«እሱም አይደለም» አለች ፖኒራ።

አንዴ የወጣ ቃል ሁለተኛው ላይ ይቀላል መሰለኝ፤ በዚህኛው ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «አምስት ሳምንት ሠላሳ አምስት ቀን ነው። ሠላሳ አምስት ቀን ውስጥ ሐሙስ አምስት ነው፣ ልክ ነዎት። ፖን ግን ሰባት ነው። በየፖኑ ሦስት ቶን ከገዛን፣ ሰባት ጊዜ ስድስት ሺህ ስንት ነው?»

ሞናንግ፣ ለእሱ ሹክሹክታ በሆነው ድምፅ፣ «አርባ ሁለት ሺህ» አለ፤ ዘበኛው ከበሩ «አቤት!» ብሎ መለሰ።

«ለነገ ቃል አይግቡ» አለች ፖኒራ። «ለሰኞ ይግቡ። ሠላሳውን አይደለም፣ ሁሉንም ይቀበሉ።»

ኒንግሩም ስልኳን አንስታ ወጣች። ደጅ ላይ ወዲያ ወዲህ ስትል በመስኮቱ ይታያል። ተመልሳ ስትገባ ጃካርታዎቹ የመጀመሪያው መኪና ሦስት ቀን ቢዘገይ እንደማይከፋቸው ተናገረች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ አየችው።

«ይህ እዚሁ ይቆይ፣ ቡ ፖን። አባቴም ቢሆን የውሸት ምዝገባን ዝም ብሎ አያልፍም ነበር። የመጨረሻው ካርቶን ከግቢው ሲወጣ እንነጋገራለን።»

ፖኒራ «እሺ» አለች፤ ፍርዱ ትክክል እንደሆነም ታውቃለች። ግን ያን ሠላሳ አምስት ቀን እንዴት እንደተራመደች እሷ ትንገራችሁ። ወገቧ ዝም አለ። ሴቶቹ መምጣቷን አይሰሙም፤ ሐሜታቸው መሀል ዱብ ትላለች፤ እነሱም ያፍራሉ፣ እሷም ታፍራለች። ጠዋት ጠዋት ኒንግሩም ራሷ መጥታ በሩን ትከፍትላታለች። ሁለቱም ስለ ቁልፉ አያነሱም።

ሞናንግ አራት ቀን የቅርንፉድ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ሲስተሙን ፈታትቶ ገጠመው። ፖኒራ አጠገቡ ቆማ ታዛለች። ዝንጅብሉ በፖን፣ ስኳሩ በለጊ፣ ከከተማ የሚመጣው ካርቶን ብቻ በሰባት ቀን ይቆጠር ጀመር። የምባህ ክሮሞ ስምም አሁን ያለ ውሸት አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ ሞናንግ በየገጹ ጥግ ላይ አንዲት የምትጫን ቁልፍ ጨመረ፤ «አይደለም» ይላል።

«ሰው ፊት ለፊት ማለት ከከበዳችሁ ለማሽኑ በሉት» አላቸው። «ማሽን አይቀየምም። ምክንያቱን ከሥር ጻፉበት።»

በመጀመሪያው ሳምንት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነካች! ማፍያ ክፍል፦ አራተኛው ጎላ ከተሰነጠቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሽያጭ ክፍል፦ ሰማያዊው ካርቶን ዝናብ ሲነካው ይለቃል። ዘበኛው ዋጊማን በሰው አስጽፎ፦ ትልቁ መኪና ዕቃ ሞልቶ በበሩ አያልፍም፣ ሁሌ ጎማውን አስተንፍሰን ነው የምናወጣው። ኒንግሩም ሁሉንም ስታነብ ሻይዋ ቀዘቀዘ። ያን ያህል ዓመት «ልክ ነው» ሲሏት የኖሩት ይህን ሁሉ ታቅፈው ነው። ተናደደች፤ ከዚያ ጎላውን አስለወጠች፣ ካርቶኑን አስቀየረች፣ በሩንም አሰፋችው።

እሑድ ጠዋት የመጀመሪያው ፖን ሆነ። ምባህ ክሮሞ ከጭነት መኪናው ሲወርድ ፖኒራን ከላይ እስከ ታች አያት።

«ቀይ አድርጋችሁኝ ነበር አሉ። በዚህ ዕድሜዬ?»

«አሁን አረንጓዴ ነዎት፣ ምባህ።»

«ቡኒ ብሆን ነው የሚሻለኝ። ዝንጅብል ይመስል» አለና ጆንያውን ማስወረድ ጀመረ።

ሁለተኛው ፖን ዓርብ፣ ሦስተኛው ረቡዕ ዋለ። ለሦስተኛው ሁለት ቀን ሲቀረው ፖኒራ ተራራው ላይ የቆመውን ደመና አየችና ሲስተሙ ላይ «አይደለም» የምትለዋን ተጫነች፤ ከሥሩም «ሦስት አይበቃም፣ ስድስት ቶን ይግባ፣ መንገዱ ሊዘጋ ነው» ብላ ጻፈች። ኒንግሩም አንብባ ሳትጠይቅ ፈቀደች። ለአራተኛው ፖን ዋዜማ መንገዱ ላይ አፈር ተናደ፤ አንድም መኪና አልወረደም። ማፍያ ክፍሉ ግን አንድ ሰዓት እንኳ አልቆመም። ያን ቀን ሴቶቹ ዝንጅብል እየላጡ ሲዘፍኑ ዋሉ፤ ፖኒራም ሳይታወቃት ከእነሱ ጋር ቁጭ ብላ አንድ ዘንቢል ላጠች። ጥፍሯ ሥር ለበለባት፤ አልጠላችውም።

አምስተኛው፣ ስድስተኛው፣ ሰባተኛው ፖን መጣ። ምባህ ክሮሞ አልቀረም። በሠላሳ አምስተኛው ቀን የመጨረሻው መኪና ሞልቶ፣ ጎማው ሳይተነፍስ፣ በሰፋው በር ተንደላቆ ወጣ። ስክሪኑ አርባ ሁለት ሺህ አለ። ፖኒራ የወጣውን በጭንቅላቷ ቆጥራ አርባ ሁለት ሺህ አለች። ዋጊማን በሩ ላይ በጠመኔ ሲያሰምር ሰንብቶ ነበርና የእሱ አርባ ሁለት ሺህ ስድስት ሆነ፤ ስድስቱን ማንም አልተከራከረውም። ሞናንግ ከሱራባያ በስልክ ጮቤ ሲረግጥ ስልኩ ሳይከፈት ሁሉ ይሰማ ነበር።

ሰው ሁሉ ግቢው ላይ ወጥቷል። ኒንግሩም ቁልፉን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። የቀረፋ እንጨቱን በዘይት አሽታው ኖሮ ያበራል። ከፖኒራ ፊት ለፊት ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አዝሏል።

«ቡ ፖን፣ አባቴ ሲሰጥዎት ትክክል ነበር። በሁሉም ፊት እናገራለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ መጋዘኑ የእርስዎ ነው። ልክ ነው?»

«ልክ ነው!» አለ ግዢ ክፍል። «ልክ ነው!» አለ ማፍያ ክፍል። «ልክ ነው!» አሉ ከአዳራሹ የወጡት ሴቶች።

«አይደለም» አለች ፖኒራ።

ኒንግሩም እጇ ላይ ያለው ቁልፍ እንኳ ዝም አለ።

ፖኒራ ቁልፉን ተቀበለችና ወገቧ ላይ አሰረችው፤ ቋጠሮውን አጠበቀችው።

«ከዛሬ ጀምሮ አይደለም፣ ምባክ ኒንግ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ነው» አለች። ነገ ለጊ ነው፣ ስኳር ይገባል፤ እናም መደርደሪያውን ልታስጠርግ ኳ ኳ እያለች ወደ መጋዘኑ ሄደች።